የአረጋዊ ዕለት ጭነት

ጥሩሐረግ ባዶ መኪና ማየት አይሆንላትም። ዱቄትና ሲሚንቶ ተሸክሞ አቀበቱን እያቃሰተ የወጣ መኪና ሰቆጣ ላይ አራግፎ፣ ሸራውን ጠቅልሎ፣ እየተንኳኳ ወደ ወልድያ ሲመለስ ባየች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። «ያ ሁሉ ናፍጣ አየር ለማመላለስ!» ትላለች፣ ለሚሰማትም ለማይሰማትም። የሞላ መኪና ያጉረመርማል፣ ባዶው ግን በየጉድጓዱ ይንቋቋል፤ እሷም ከመናኸሪያው አጠገብ ካለችው አንድ ክፍል ቢሮዋ ሳትወጣ፣ የትኛው ሞልቶ የትኛው ባዶውን እንደወረደ በድምፁ ትለየዋለች።

ሥራዋ ስምሪት ነው። የጭነት ማህበሩ መኪኖች ምን ጭነው፣ በየት በኩል፣ መቼ እንደሚሄዱ የምትወስነው እሷ ናት። እሷ ትወስናለች፣ ሾፌሮቹ ደግሞ ደስ ያላቸውን ያደርጋሉ። ያም ሆኖ ሥራዋን ትወደዋለች። አብረዋት የተማሩት ሴቶች ግማሾቹ ዐረብ አገር፣ ግማሾቹ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ናቸው። እሷ «እዚሁ ሆኜ አንድ ነገር አደርጋለሁ» ብላ የቀረች ናት፤ ያ አንድ ነገር ደግሞ ይኸው የመኪና ጉዳይ ነው። ሰው ይስቅባታል። እሷ ግን ከልቧ ነው።

የጨነቃት ነገር ለሰው ሲነገር ቀላል ነው። ማሩ ያለው ደሃና ነው። ማር ፈላጊው ያለው ወልድያ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ የሻምበል የሚባል ሾፌር ባለ አሥር ጎማ መኪናውን በየሳምንቱ ሐሙስ ሰቆጣ አራግፎ ባዶውን ይወርዳል። ማሩ በትንንሾቹ አይሱዙዎች ከደሃና ሰቆጣ ከደረሰ፣ የሻምበል ተቀብሎ ይወርዳል፤ ገበሬውም ይሸጣል፣ ናፍጣውም በከንቱ አይነድም። የማህበሩ ሊቀመንበር አቶ ካሳ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር የሰለቻቸው ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ያንቺን ሐሳብ ስንት ጊዜ ሰማሁት» አሏት። «እስቲ አንቺ የመረጥሽውን አንድ ሐሙስ እንይ። የሻምበል ሞልቶ ከወረደ እኔ ራሴ እጅሽን እስማለሁ። ባዶውን ከወረደ ግን አባላቱን የምመልስበት አፍ የለኝም። ስምሪቱ ወደ ወልድያ ይዛወራል፣ ይች ቢሮም ትዘጋለች።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ወይ ወልድያ ትወርጃለሽ፣ ወይ…» አሉና ወይውን ሳይጨርሱት ወጡ።

ጥሩሐረግ ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። ወልድያን ጠልታ አይደለም። ይህን መንገድ ከቢሮ በር ላይ ቆሞ እንጂ በስልክ ከሩቅ ሆኖ ማሰማራት አይቻልም ብላ ስለምታምን ነው። ደግሞም ቀርታ ቀርታ በመጨረሻ እሷም ሻንጣዋን ይዛ ከሄደች፣ ያ ሁሉ መቅረት ለምን ነበር?

ቀኑን ያወጣችው በጥንቃቄ ነው። ወሩ ጥር ነው። ጥምቀት በአሥራ አንድ፣ ቃና ዘገሊላ በማግስቱ። ሰው ታቦት ሸኝቶ፣ ጨፍሮ፣ ደክሞት ይከርምና ሐሙስ ጥር አሥራ አራት ለሥራ ይነሣል ብላ አሰበች። ደሃና ውስጥ ወይራ አምባ የሚኖሩትን አክስቷን፣ እትዬ ተዋበችን፣ ደወለችላቸው። ማር የሚሰበስበው የመንደሩ ማህበር ያለ እሳቸው አይንቀሳቀስም።

«እትዬ፣ ሐሙስ እመጣለሁ!»

«እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ! ነይ እንጅ!» አሉ አክስቷ፣ ስልኩ እስኪንጫጫ። «እንጠብቅሻለን፣ ሁሉም ይጠብቅሻል!»

ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ? ጥሩሐረግ ስልኩን ዘግታ በደስታ አጨበጨበች።

የቀራት ሾፌሮቹ ነበሩ። በደሃና መስመር የሚሠሩት ሁለት አይሱዙዎች ናቸው፤ የአንዱ ሾፌር ምንይሉ፣ የሌላው ሸጋው። ከሁለቱ ለወይራ አምባ ማር አንዱ ይበቃል። ችግሩ የላይኛው ጎጥ ገበሬዎች የምንይሉ ደንበኞች፣ የታችኞቹ ደግሞ የሸጋው መሆናቸው ነው፤ ሁለቱ ሾፌሮች ደግሞ አይነጋገሩም። ስለዚህ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ የሌላውን አቧራ እየጠጣ ሁለት ግማሽ ጎደሎ መኪና ይወጣል፣ ሁለት ግማሽ ጎደሎ መኪና ይወርዳል። ይህ ጉድ ጥሩሐረግን በቁሟ ያነድዳት ነበር።

ጠባቸው የመጣው በሸጋው ሠርግ ነው። ጓደኛሞች ነበሩ፤ ምንይሉ ሚዜ ሊሆን ነበር፣ ግን ዱቄት ጭኖ ዘገየ። ከኋላ ደርሶ አጀቡን ሲያይ ደስታው አናቱ ላይ ወጣና፣ ክላክሱን እያስጮኸ፣ በመስኮት እየጨፈረ፣ አጀቡን በሙሉ አልፎ የሙሽራዋን መኪና ጭምር ቀድሞ ሄደ። ሙሽራ መቅደም ነውር መሆኑን ዋግ ውስጥ ሕፃን ያውቃል። መንገዱ ደግሞ አቧራ ነው፤ የሙሽራዋ መኪና መስኮት ደግሞ ክፍት ነበር። ሙሽራዋ ሰርካለም አማቷ ደጃፍ ስትወርድ ከቅንድቧ እስከ ጫማዋ ወፍጮ ቤት የዋለች መስላ ነበር። እሷ ራሷ ዛሬ ይህን ስታወራ እያለቀሰች ትስቃለች። ባሏ ግን አልሳቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለምንይሉ ሰላምታ የለውም፤ ምንይሉም ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ሁለት ጊዜ ሄዶ ፊት ሲነሣው «እንግዲያው ተወው!» ብሎ ኮራ።

«ለአንድ ሐሙስ ብቻ» አለቻቸው ጥሩሐረግ፣ ሁለቱን ቢሮዋ ጠርታ። «በአንዱ መኪና እንሂድ። ናፍጣ እንደሆነ የለም፤ ያገኘሁት አንዱን አድርሶ የሚመልስ ነው።»

«የእኔን መኪና እሱ የጫነው ነገር አይነካውም» አለ ሸጋው፣ ወደ ግድግዳው እያየ።

«ለሰውየው ንገሪልኝ» አለ ምንይሉ ወደ ጣሪያው እያየ፣ «እኔም አልለመንኩም።»

«ሰውየው እዚሁ ፊትህ ተቀምጧል!» አለች ጥሩሐረግ። ጩኸቷ ከመናኸሪያው ማዶ ተሰማ ይባላል።

አልሆነም። ናፍጣውን ለሁለት ተካፍለው በግማሽ ታንክ ሐሙስ ማለዳ ተነሡ። የሻምበል «እስከ አሥር ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ካለፈ መሸብኝ ማለት ነው፣ ቁልቁለቱን በጨለማ አልወርድም» ብሏታል። ጥሩሐረግ ምንይሉ ጎን ጋቢና ውስጥ ገባች። አምደወርቅ ላይ ያላቸውን አራግፈው፣ ወደ ወይራ አምባ የሚያወጣውን ጥርጊያ ያዙ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። እሷም አልቻለችም፣ ዘፈነች። ምንይሉም ተቀበላት። ከኋላ የሚከተላቸው ሸጋው ብቻውን ነበርና ማን እንደተቀበለው እንጃ።

ወይራ አምባ ሲደርሱ ዘፈኑ አፏ ላይ ቀረ። ከመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይጠብቀኛል ያለችው ማር የለም። አህዮቹ ያለ ጭነት ሜዳው ላይ ተሰማርተዋል። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ በወይራው ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። እትዬ ተዋበች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሮጠው መጡና አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

«የእናትሽ ልጅ! አረጋዊን አልረሳሽም! እኔኮ ከተሜ ሆና ረሳችው ብዬ ነበር።»

ጥሩሐረግ አፏን በእጇ ያዘች። አሥራ አራት። አቡነ አረጋዊ። ሰቆጣ ላይ በዚህ ቀን ሱቁም ወፍጮውም ሥራ ላይ ነው። ወይራ አምባ ግን የአረጋዊን ቀን በየወሩ በግዝት ነው የሚያከብረው። ድሮ በዚህ ቀን ገብስ ሲወቁ በረዶ ወርዶ አውድማውን ከነእህሉ ጠርጎታል፤ ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰው በአረጋዊ ቀን መጥረቢያ አያነሣም፣ አህያ አይጭንም። ይህንን እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትነግራት ኖራለች። እሷ ግን ጥምቀትን ቆጥራ፣ ቃናን ቆጥራ፣ የገዛ እናቷን አገር ታቦት ረሳች።

«እትዬ፣ እኔኮ… እኔኮ ማሩን ልጭን ነው የመጣሁት።»

እትዬ ተዋበች ለቀቋት። «ዛሬ? ማር?» ወደ መኪኖቹ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። «ወየው ጉዴ! እኔ ለበዓሉ የመጣሽ መስሎኝ! ማሩ እንደሆነ በየቤቱ ተዘጋጅቷል፣ ነገ ጧት ይወጣል ብለን። ዛሬማ እንዴት ተደርጎ!»

ጥሩሐረግ ከመኪናው ደረጃ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ማልቀስ አማራት፤ አለቀሰችም፣ ትንሽ። የሻምበልን ደወለችለት፤ እስከ ነገ እንዲያድርላት ለመነችው።

«እህቴ፣ ነገ ወልድያ ላይ ጭነት ይጠብቀኛል» አላት፣ በደህና ቃል። «ብችል አልጨክንብሽም ነበር። አሥር ሰዓት ድረስ አለሁ።»

ምንይሉና ሸጋው በየመኪናቸው ተደግፈው ቆመዋል። ዛሬ እንኳ ተቃርበው አልቆሙም። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ሁለት ባዶ መኪና ይዛ ልትመለስ ነው። አንድ ባዶ መኪና የሚያማት ሴት፣ ሁለት!

ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወደ ወይራው ጥላ ሄደች። ቄስ ገብረ ሊባኖስ፣ የደብሩ አለቃ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ተሳለመችና ነገሯን ሁሉ ነገረቻቸው። ቢሮው እንደሚዘጋ፣ ማሩ እዚሁ ሊቀር እንደሆነ፣ ጥፋቱም የራሷ እንደሆነ።

«ልጄ፣ አዘንኩልሽ» አሉ ቄሱ። «ግን ግዝቱን እኔ አላመጣሁት፣ እኔም አላነሣው። በዚህ ቀን ለራሱ ጥቅም እጁን የሚያነሣ ሰው እዚህ አምባ ላይ የለም። አንች ራስሽስ ደስ ይልሻል?»

«አይለኝም፣ አባ» አለች። እውነቷን ነበር። ታቦት ገፍታ የምታገኘው ቢሮ ምን ያደርግላታል?

ቁልቁል ስታይ ዓይኗ አንድ ቤት ላይ አረፈ። ጣሪያው ላይ አንድ ጎልማሳ ወጥቶ ሣር ይከድናል። ከሥር ሌላው ሣሩን እየወረወረ ያቀብለዋል።

«አባ፣ ያ ሰውዬ ማን ነው?»

«ትእዛዙ ነው።»

«ምን እያደረገ ነው?»

«የእማሆይ ደብሬን ቤት ይከድንላቸዋል። ደካማ ናቸው፣ ሰው የላቸውም።»

«በአረጋዊ?»

«ታዲያ ለሳቸው ነዋ! ለራሱ መች ሆነ? ለሌላው ማድረግማ በዚህ ቀን ይወደዳል እንጅ አይከለከልም። ከጥንትም እንዲሁ ነው።»

ጥሩሐረግ ከጣሪያው ላይ ዓይኗን አላነሣችም። «አባ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «የእትዬ ተዋበችን ማር ትእዛዙ ቢያወጣላቸውስ?»

ቄሱ ቀና አሉ።

«የትእዛዙንስ ማን ሊያወጣለት?»

«እትዬ ተዋበች።»

«ኪራይ አለው?»

«የለውም። የላይኛው ጎጥ የታችኛውን ይጭናል፣ የታችኛው የላይኛውን። ማንም የራሱን አይነካም።»

ሰዉ ተንጫጫ። ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ረጅም ክርክር ገጠሙ። አንደኛው እጃቸውን እያወናጨፉ «ይህ እግዜርን በእጅ አዙር ማታለል ነው!» አሉ። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ።

«ማታለል የሚሆነው» አሉ በመጨረሻ፣ «ልባችሁ የራሳችሁ ጀሪካን ላይ ሆኖ እጃችሁ የሰው ከያዘ ነው። ከልብ ከሆነ ግን ጽድቅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የእማሆይ ደብሬና የሌሎቹ ደካሞች ማር ይወጣል። ሁለተኛ፣ ማንም የራሱን አይንካ፣ ‹ቀስ በል› ብሎም አይጩህ። ሦስተኛ…» ብለው ከሩቅ የቆሙትን ሾፌሮች በመስቀላቸው ጠቆሙ። የእነሱን ጠብ ደሃና ውስጥ ያልሰማ የለም። «እነዚያም ከሰው አይለዩም። የዚያኛውን መኪና ይኸኛው ይንዳው፣ ጭነቱንም እሱ ያንሣለት። እምቢ ካሉ ሁሉም ቀረ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወይራ አምባ ገና ብዙ ዘመን ያወራዋል። ሰው ወደ ራሱ ቤት ሳይሆን ወደ ጎረቤቱ ቤት ሮጠ። አህዮቹ የማያውቁት ሰው ሲነዳቸው ግራ ገብቷቸው ወደየቤታቸው እየተጠመዘዙ መንገዱን አመሱት። ባለቤቶቹ ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ተሰቃዩ። እትዬ ተዋበች ባልዲያቸው በትእዛዙ ትከሻ ላይ ዘንበል ባለ ቁጥር አፋቸውን በነጠላቸው እያፈኑ «ምንም አላልኩም! ምንም አላልኩም!» ይላሉ። ትእዛዙም በተራው እሳቸው የሱን ጀሪካን ቁልቁለት ላይ ሲያንከባልሉ አይቶ ዓይኑን ጨፈነ። ያ እግዜርን ማታለል ነው ያሉት ሽማግሌ የጎረቤታቸውን የማር ጀሪካን ከሁሉ ቀድመው ተሸክመው ወጡ። ሌላ ቀን ቢሆን ሁሉም የራሱን አስሮ፣ ፈትቶ፣ ደግሞ አስሮ ሲጨቃጨቅ ይመሽ ነበር። ዛሬ ግን የሰው ንብረት ነውና ሁሉም ተጠንቅቆ፣ ተሽቀዳድሞ፣ ከምሳ ሰዓት በፊት መንገዱ ዳር ተከመረ።

ሾፌሮቹ ብቻ ቀሩ፤ የሰውን ሁሉ ማር ላለማስቀረት እነሱም እሺ አሉ። ምንይሉ የታችኛውን ጎጥ ባልዲ፣ ሸጋው የላይኛውን፣ ሳይተያዩ ይጭኑ ነበር። ከዚያ ሸጋው የመኪናዎቹን ናፍጣ ሊያይ ሄደና ፊቱ ተለዋውጦ ተመለሰ።

«ጥሩሐረግ፣ አንዱም ሰቆጣ አያደርስም። ዳገቱ ጨርሶታል።»

«ሁለቱ አንድ ላይስ?»

ምንይሉ ከሸጋው ኋላ ቀረብ አለ።

«የእኔን ቅዳው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጣሪያ ሳይሆን ወደ ሰው እያየ ነበር። «በጎማ ቱቦ እንቅዳውና ወዳንተ ይግባ። ያንተ መኪና ሰፋ ይላል፣ ሁሉንም ይይዛል። የእኔ እዚህ ይደር።»

ስለዚህ አንድ መኪና፣ ያውም እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከወይራ አምባ ወረደ። መኪናው የሸጋው፣ ሾፌሩ ምንይሉ፣ መሀል ላይ ጥሩሐረግ፣ ዳር ላይ ሸጋው። ሸጋው በገዛ መኪናው ውስጥ እንግዳ ሆኖ መቀመጡ ከብዶት ምንይሉ ማርሽ በለወጠ ቁጥር የራሱን ጉልበት ይጨብጣል።

«ፍሪሲዮኑን አትርገጥብኝ!»

«ቄሱ ‹አይጩህ› ብለዋል» አለ ምንይሉ። ጥሩሐረግ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሰዓቷን ስታይ ግን ሳቁ ቆመ። ጊዜው ልክ ልክ ነበር፤ ካልቆሙ ይደርሳሉ።

ቆሙ። ለሰቆጣ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ገደሉ በግራ ተራራው በቀኝ በሆነበት ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከፊታቸው ክላክስና እልልታ ሰሙ። ጥር አይደል! የሠርግ አጀብ ነው፤ አምስት ስድስት መኪና፣ ከመሀላቸው በአበባ የተሸለመች ነጭ። እየጨፈሩ፣ እየቆሙ፣ ደግሞ እየጨፈሩ እንደ እግረኛ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። መንገዱ ሰፋ ያለበት አንድ ቦታ ደረሱ። ለመቅደም ይበቃል። ከዚያ በኋላ እስከ ከተማው ድረስ ሌላ የለም።

ምንይሉ መሪውን ጨብጦ ቀጥ አለ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ቅደም» አለች ጥሩሐረግ። ለራሷም ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ምንይሉ፣ ሥራዬ ነው፣ ቅደም።»

«አልቀድምም።»

«የሻምበል ይሄዳል!»

«ሞቼ ነው ሙሽራ የምቀድመው» አለ። «ሁለተኛ? በሸጋው መኪና? ይቅር በይኝ ጥሩሐረግ፣ ውረጅና ሌላ ሾፌር ፈልጊ።»

ጥሩሐረግ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሸጋው ምንይሉን ዞር ብሎ አየው፤ ብዙ ጊዜ እንዳላየው ሰው አተኩሮ አየው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ዘሎ ወረደና እየሮጠ ወደ አጀቡ ሄደ። ሽማግሌዎች የተቀመጡባትን የመጀመሪያዋን መኪና መስኮት አንኳኳ። ምን እንዳላቸው አልሰሙም፤ እጁን ወደ ኋላ፣ ወደ አይሱዙው ሲወረውር፣ ፊቱን በመዳፉ ሲያብስ፣ ከዚያ እሱም ሽማግሌዎቹም ወገባቸውን ይዘው ሲስቁ ብቻ አዩ። የራሱን ሠርግ የአቧራ ታሪክ እየነገራቸው ነበር። ሸጋው የዚያን ቀን ነውር እያወራ ሲስቅ ምንይሉ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ነበር።

ሸጋው እያለከለከ ተመለሰ።

«ሲሰሙ ምን አሉ መሰለሽ? ‹ሙሽራ አልቀድምም ያለ ሰው አይጎዳም› አሉ። መንገድ አይለቁም፣ ቦታም የላቸው። ግን የሙሽራው ቤት ሰቆጣ መውጫ ላይ ነው፣ በወልድያ በኩል። ድንኳኑ መንገዱን ይዞታል። የሙሽራው አጎት ድንኳኑ ጋ ላሉት ደውሎ ‹ባለ አሥር ጎማ መኪና ከመጣ ሳይበላ እንዳይሄድ፣ እንግዳችን ነው› ብሏቸዋል።»

«ሳይበላ?»

«ሰባት ጊዜ አጉርሰው እንዲያስቀምጡት ብያለሁ። እስቲ ይሄ ከሠርግ ቤት የሚወጣ መስሎሻል?»

ጥሩሐረግ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፣ እየሳቀችም ነበር። ምንይሉ ሞተሩን አስነሣና ከአጀቡ ኋላ ቀስ ብሎ ተሰለፈ። አቧራ ላለማስነሣት ፍሬኑን እንደ እንቁላል እየነካ ነዳ። ሸጋው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ማጨብጨብ ጀመረ። በሰው ሠርግ እንዲህ ሲጨፍር ያየው ሰው ምን ነካው ይል ነበር።

ድንኳኑ ደጃፍ ሲደርሱ ባለ አሥር ጎማው መኪና እዚያው ቆሟል። የሻምበል ከድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ትልቅ ትሪ፣ ከጎኑ ሁለት አጉራሽ ሴቶች አሉ፤ ሰዓቱን ሊያይ እጁን ሲያነሣ ያን እጁን ይዘው ሌላ ጉርሻ ይሰጡታል። ጥሩሐረግን ሲያያት አፉ ሙሉ ነበርና መናገር አልቻለም፤ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ሳቀ።

ሙሽራዋ ከመኪናዋ ወረደች። ከራሷ እስከ እግሯ ጥርት ያለች ነጭ ነበረች፤ አንድ የአቧራ ነጥብ አልነበረባትም። ሸጋው አያት፣ ከዚያ ምንይሉን አየው፤ ጭንቅላቱን ይዞ አንገቱ ሥር ሳመው።

ማሩ ከአይሱዙው ወደ ትልቁ መኪና ሲዛወር የሠርጉ ወጣቶች ሁሉ አገዙ። እማሆይ ደብሬ የላኩት ባልዲ ሁሉም ካለቀ በኋላ ከሁሉ በላይ ተቀመጠ። አቶ ካሳ የት ሰምተው እንደመጡ ባይታወቅም ደረሱ፤ ሸራው ሲጠበቅ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩ፣ ጎማዎቹ በክብደት ዝቅ ማለታቸውን ጎንበስ ብለው አዩ፣ ከዚያ ቃላቸውን አልረሱምና የጥሩሐረግን እጅ አንሥተው በሰው ፊት ሳሙ። እሷ በሃፍረት ልትሞት ነበር።

«ሐሙስ ከሐሙስ ይቀጥላል» አሉ። «ግን ልጄ፣ ወሩ ውስጥ ያለውን ታቦት ሁሉ ከቄስ ገብረ ሊባኖስ ጋር ቁጠሪ።»

የሻምበል ክላክሱን ነፍቶ ተነሣ። ጥሩሐረግ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። አይንቋቋም። ጉድጓዱ ላይ ሲያልፍ ረግቶ፣ ከብዶ፣ ወደ ወልድያ እያጉረመረመ ወረደ። ይህን ድምፅ እዚሁ፣ ከዚህ መንገድ ዳር ሆና፣ ገና ብዙ ጊዜ ትሰማዋለች።

ወደ ኋላ ስትዞር ሁለቱ ሾፌሮች አይሱዙው ላይ ተደግፈው ይከራከራሉ።

«ታዲያ የእኔ መኪና ወይራ አምባ ቀርቶ የለም?» ይላል ምንይሉ። «ነገ ማን ያደርሰኛል?»

«ማን ያደርስሃል፣ እኔ ነኛ!» አለ ሸጋው። «ማለዳ ቤቴ በር ላይ ጠብቀኝ። ሰርካለምም ልይህ ብላለች።»

ጥሩሐረግ በመካከላቸው ገባች።

«ቆይ ቆይ» አለች፣ ወገቧን ይዛ። «ምን ጭናችሁ ነው የምትወጡት?»